ዓለምን የዞረው መንገደኛ፦ ኢብን ባቱታ

የሰቆጣ ሰው መንገድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከተማዋ ራሷ ያደገችው በመንገድ ነው። ከአፋር ቆላ የተቆረጠው ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። ከዚህም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። ነጋዴ ሲመለስ የሚያመጣው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ወሬም ያመጣል። የትኛው አገር እህል እንደረከሰ፣ የትኛው ወንዝ እንደሞላ፣ የት በሽታ እንደገባ የሚሰማው ከመንገደኛ አፍ ነበር።

በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ አንድ ታላቅ መንገደኛ ነው። ስሙ ኢብን ባቱታ ይባላል። የዛሬ 700 ዓመት ገደማ ከቤቱ ወጥቶ 29 ዓመት ያህል በመንገድ ላይ ኖረ። በእግር፣ በአህያ፣ በፈረስ፣ በግመልና በመርከብ የተጓዘው ርቀት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ከሞሮኮ የተነሣ ሰው ለዋግ ገበሬ ምን ይሆነዋል? የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይኸውና። አንደኛ፣ ይህ ሰው የአገራችንን ደጃፍ ረግጧል፤ ከአገራችን የወጡ ሰዎችንም በሩቅ አገር አግኝቷል። ሁለተኛ፣ እንደ ዋግ ሰው ሁሉ የጨው መንገድ ምን እንደሆነ አይቷል። ሦስተኛ፣ እኛ ዛሬ ይህን ሁሉ የምናውቀው ያየው ነገር በጽሑፍ ስለቀረ ነው። ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው። ለምሳሌ ኢብን ባቱታ ከቤቱ የወጣበት ሰኔ 1325 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1317 ዓ.ም. ይሆናል።

ከቤት መውጣት

ኢብን ባቱታ በ1304 ታንጀር በምትባል የሞሮኮ ከተማ ተወለደ። ታንጀር በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕር ዳር ላይ ያለች ከተማ ናት። ቤተ ሰቦቹ በእስልምና ሕግ የሚፈርዱ ዳኞች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ዳኛ ቃዲ ይሉታል። እርሱም ሕግ ተማረ።

21 ዓመት ሲሆነው ሐጅ ለማድረግ ተነሣ። ሐጅ ማለት አቅም ያለው ሙስሊም ሁሉ በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ መካ የሚያደርገው መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ክርስቲያኑ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም እንደሚመኝ፣ ሙስሊሙም መካን ለማየት ይመኛል።

ከቤት ሲወጣ ብቻውን ነበር። ጓደኛም፣ አብሮት የሚሄድ ቅፍለትም አልነበረውም። አባትና እናቱ በሕይወት ነበሩና መለያየቱ እጅግ ከበደው። በመንገድ ላይ ትኩሳት ያዘው። ከድካሙ የተነሣ እንዳይወድቅ በጥምጣሙ ጨርቅ ራሱን ከኮርቻው ጋር አሰረ። ሞት ከመጣም ፊቴን ወደ መካ አድርጌ መንገድ ላይ ይምጣብኝ አለ።

ቱኒስ ከተማ በደረሱ ጊዜ የከተማው ሰው ወጥቶ መንገደኞቹን ተቀበለ። ዘመድ ዘመዱን ያቅፋል፣ ወዳጅ ወዳጁን ይስማል። ኢብን ባቱታን ግን ሰላም ያለው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው የለማ! ስለዚህ አለቀሰ። ይህን ያየ አንድ መንገደኛ ቀርቦ አጽናናው፤ ከተማ እስኪገቡም እያጫወተው ሄደ። እንግድነት እንዲህ ነው። ከቀዬው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም፤ ለሥራ ፍለጋ ሑመራ ወይም ራያ ወርዶ የሚያውቅ ግን ይረዳዋል።

በ1326 ግብፅ ገባ። ከካይሮ ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ ወጣና በበረሃ አቋርጦ ዓይዛብ ወደሚባል የቀይ ባሕር ወደብ ወረደ። ሐሳቡ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ መካ መግባት ነበር። ይሁን እንጂ የአካባቢው የበጃ ሕዝብ አለቃ ከግብፅ ገዢ ወታደሮች ጋር ተጣልቶ መርከቦቹን አስጥሟቸው ነበር። ስለዚህ የያዘውን ስንቅ ሸጦ ወደ ካይሮ ተመለሰ። ከዚያም በኢየሩሳሌምና በደማስቆ በኩል ዞሮ በዚያው ዓመት መካ ገባ።

ሐጁን ጨረሰ። ታዲያ ወደ ቤቱ ተመለሰን? አልተመለሰም። መንገድ አንዴ ልቡን ወስዶት ነበር። ወደ ኢራቅና ወደ ፋርስ ሄደ፤ ወደ መካ ተመለሰ፤ እንደገና ወጣ።

ያለ ገንዘብ እንዴት ይህን ያህል መሄድ ተቻለው?

ይህን ጥያቄ ገበሬ መጠየቁ አይቀርም። ማን አበላው? የት አደረ?

በዚያን ዘመን ከሞሮኮ እስከ ሕንድ ድረስ እስልምና የተስፋፋበት አገር ሰፊ ነበር። መንግሥታቱ ብዙዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይዋጉ ነበር። ነገር ግን ሃይማኖቱ አንድ፣ የሕጉ መሠረት አንድ፣ የተማሩት ሰዎች የሚግባቡበትም ቋንቋ ዓረብኛ ነበር። ሕግ ያወቀ ሰው በሄደበት ሥራ ያገኛል። በየከተማው የእንግዳ ማደሪያዎችና የትምህርት ቤቶች ነበሩ። ገንዘቡን ለዚህ ሥራ የተወ ሀብታም ስለነበረ እንግዳ በነጻ ይበላል፣ ያድራል። በእኛም አገር ቢሆን የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ» ካለ ይገባል እንጂ አይመለስም። የቆሎ ተማሪም ዳዊቱን ይዞ ከአገር አገር የሚዞረው በዚሁ ልማድ ነው። ልዩነቱ የኢብን ባቱታ መንገድ ሦስት አህጉር ማካለሉ ነው።

የአገራችን ደጃፍ፦ ዘይላ

በ1330 ገደማ ኢብን ባቱታ ከየመን፣ ከዓደን ወደብ በመርከብ ተነሥቶ ዘይላ ደረሰ። ዘይላ ዛሬ በሶማሌ ጠረፍ፣ ከጅቡቲ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ሸቀጥ ወደ ባሕር የሚወጣባት ትልቅ በር ነበረች። የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወጣባት ነበር። የሰው ልጅም እንደ ከብት እየተነዳ ይሸጥባት ነበር።

በደጋው ላይ የነገሠው ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ነበር። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያን ጊዜ ታንጸው፣ ምእመናን ይሳለሟቸው ነበር። ኢብን ባቱታ ከዘይላ ተነሥቶ ሽቅብ ቢወጣ ኖሮ ስንት ነገር አይቶ በጻፈልን!

እርሱ ግን አልወጣም። ስለ ዘይላ የነገረን እጅግ ጥቂት ነው። ከተማዋ ትልቅ ናት፤ ገበያዋም ሰፊ ነው፤ ሰዎቹ ግመልና በስቡ የታወቀ በግ ያረባሉ፤ ነገር ግን ከተማዋ ትሸታለች ይላል። የሽታው ምክንያት የዓሣው ብዛትና መንገድ ላይ የሚታረደው የግመል ደም ነው። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ እዚያው መርከብ ላይ ማደርን መረጠ እንጂ ከተማ ገብቶ አላደረም። በማግሥቱ ወደ ሞቃዲሾ ሄደ። ከዚያም ወደ ሞምባሳና ወደ ኪልዋ ወረደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያው ዘመን አል ዑመሪ የሚባል ሌላ ጸሐፊ ነበር። እርሱ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። የኖረው በደማስቆና በካይሮ ነው። ነገር ግን ከዘይላ ወገን ወደ ካይሮ የመጣ ዓብደላህ የሚባል ሰው አግኝቶ፣ ስለ አገሩ እየጠየቀ የሰማውን ጻፈ። በኢትዮጵያ ስለነበሩት ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ስማቸውን እየጠራ ዘርዝሯል፤ ከእነርሱም ይፋት፣ ደዋሮ፣ ሐዲያና ባሌ ይገኙባቸዋል። ስለ እህላቸውም ሲጽፍ የጤፍን ስም ያነሣል።

አንዱ ደጃፋችን ደርሶ ሽታ ጽፎ ሄደ። ሌላው ሩቅ ተቀምጦ፣ ጠይቆ፣ አገር ጻፈ። ስለዚህ አየሁ ያለ ሁሉ ብዙ ያውቃል ማለት አይደለም። ሰምቼ ነው ያለም ሁሉ አያውቅም ማለት አይደለም። ወሳኙ መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

በሕንድ አገር የተገኙ ሐበሾች

ኢብን ባቱታ በቱርክ አገርና በመካከለኛው እስያ በኩል ዞሮ በ1333 ኢንዱስ ወንዝ ደረሰ። የዴልሂ ንጉሥ መሐመድ ቢን ቱግሉቅ ቃዲ አድርጎ ሾመው። ይህ ንጉሥ ለእንግዳ ወርቅ የሚያፈስ፣ በዚያው እጁ ደግሞ ሰው የሚያስገድል ሰው ነበር። ኢብን ባቱታ በእርሱ ዘንድ ስምንት ዓመት ያህል ሲኖር ሀብትም አገኘ፣ ለሕይወቱም ሰጋ።

በሕንድ አገር ሳለ የሐበሻ ሰዎች አጋጥመውታል። አላፑር በምትባል ከተማ የተሾመው ገዢ ባድር የሚባል ሐበሻ ነበር። ባድር የንጉሡ ባሪያ ነበር። በጀግንነቱ ግን ስሙ ምሳሌ ሆኖ ይነገር ነበር። ቁመቱ ረዥም፣ ሰውነቱ ግዙፍ ነው። በአንድ ገበታ አንድ ሙሉ በግ ይበላ ነበር ይባላል። ከበላ በኋላ የቀለጠ ቅቤ ይጠጣ ነበር፤ ይህም የሐበሾች የአገራቸው ልማድ ነው ሲል ኢብን ባቱታ ጽፏል። ባድር የሞተው ጦርነት ላይ ነው፤ ፈረሱ አብሮት ወደቀና ጠላቶቹ ገደሉት።

በባሕር ላይም እንዲሁ ነው። ኢብን ባቱታ ከሕንድ ጠረፍ በተሳፈረበት አንድ መርከብ ላይ 50 ቀስተኞችና 50 ሐበሾች ተዋጊዎች ነበሩ። በዚያ ባሕር ሐበሾቹ የመርከብ ጠባቂዎች ናቸው ይላል። አንድ እንኳ ሐበሻ ያለበትን መርከብ የባሕር ወንበዴ ይሸሸዋል ብሎ ጽፏል።

ይህን ስናነብ ደስ ይለናል። ደስታችን ግን እውነቱን እንዳይሸፍንብን። ባድር ወደ ሕንድ የሄደው እንደ ኢብን ባቱታ አገር ለማየት አልነበረም። በባርነት የተያዘ ሰው ነው። ከየትኛው መንደር እንደተወሰደ፣ እናቱ ማን እንደነበረች፣ ባድር ከመባሉ በፊት ምን ተብሎ እንደሚጠራ መጽሐፉ አይነግረንም። የጀግንነቱ ወሬ ተጻፈ፤ የትውልዱ ወሬ ጠፋ።

ወረርሽኝና መርዶ

የዴልሂው ንጉሥ ኢብን ባቱታን መልእክተኛ አድርጎ ወደ ቻይና ላከው። ካሊከት ወደብ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ስጦታ የጫነችውን መርከብ ሰበረ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ኢብን ባቱታ ወደ ንጉሡ መመለስን ፈራ። ማልዲቭ በሚባሉት ደሴቶች ቃዲ ሆነ፤ ስሪላንካንና ሱማትራን አየ። ቻይናም እንደደረሰ ተናግሯል። ከዚያ ፊቱን ወደ አገሩ መለሰ።

በ1348 ደማስቆ ገባ። ከዚህች ከተማ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ሲወጣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ነበር፤ ወንድ ልጅ መውለዷንም ሕንድ ሆኖ ሰምቷል። አሁን ልጄስ የት አለ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሞቷል፣ ከሞተም 12 ዓመት ሆኖታል አሉት። አባትህም ከሞተ 15 ዓመት ሆኖታል አሉት። እናትህ ግን በሕይወት አለች አሉት።

በዚያው ዓመት ታላቁ ወረርሽኝ ገባ። ይህ በሽታ በአይጥ ላይ በሚኖር ቁንጫ እንደሚተላለፍ ዛሬ ይታወቃል፤ ቶሎ ሕክምና ካገኘም ይድናል። በዚያን ጊዜ ግን ምክንያቱን የሚያውቅም፣ መድኃኒት ያለውም አልነበረም። ከእስያ እስከ አውሮፓ ድረስ ሕዝብ አለቀ።

የደማስቆ ሰው ሦስት ቀን ጾመ። ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ በባዶ እግሩ ለምሕላ ወጣ። ሙስሊሙ ቁርአኑን፣ አይሁዱ ኦሪቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ በአንድነት እያለቀሰ ሄደ። ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም አልቀረም። ይህን ኢብን ባቱታ በዓይኑ አይቷል።

በደማስቆ በቀን እስከ 2 ሺህ ሰው፣ በካይሮ ግን በቀን እስከ 24 ሺህ ሰው ሞተ ብሎም ጽፏል። የካይሮው ቁጥር በወሬ የደረሰው ነው፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎችም በጣም የተጋነነ ነው ይሉታል። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር አለ ማለት ነው፤ በዓይን የታየው ምሕላና በጆሮ የተሰማው ቁጥር። አንባቢ ሁለቱን መለየት አለበት።

በ1349 ሞሮኮ ገባ። ወደ ቤቱ ሊደርስ ሲቃረብ፣ እናትህ በዚሁ በሽታ ሞታለች የሚል መርዶ ጠበቀው። ታንጀር ሄዶ መቃብሯን አየ። ሲወጣ ሁለቱም ወላጆቹ ቆመው ነበር፤ ሲመለስ ሁለቱም የሉም። የመንገድ ዋጋ እንዲህ ከባድ ነው።

ከጨው የተሠራች መንደር

የኢብን ባቱታ የመጨረሻ ጉዞ ወደ ማሊ ነበር። በ1352 ከነጋዴዎች ጋር ሲጅልማሳ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ የሰሐራን በረሃ ገባ። ከ25 ቀን ጉዞ በኋላ ተጋዛ ከምትባል መንደር ደረሱ።

በተጋዛ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። መሬቱ አሸዋና ጨው ነው። ቤቶቹም፣ መስጊዱም የተሠሩት በጨው ጥርብ ነው፤ ጣራቸውም የግመል ቆዳ ነው። መሬቱ ሲቆፈር ወፍራም የጨው ሠሌዳ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ይወጣል። አንድ ግመል ሁለት ሠሌዳ ይጭናል።

ጨው የሚቆፍሩት ባሪያዎች ነበሩ። እዚያ የሚበቅል እህል ስለሌለ የሚበሉት ከሩቅ የሚመጣ ተምርና ዘንጋዳ መሰል እህል፣ የግመል ሥጋም ነበር። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ዝንቡ መከራ ነው።

አሁን ዋጋውን እንመልከት። አንድ የግመል ጭነት ጨው ወላታ ከምትባል ከተማ ሲደርስ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ ያወጣል። አንድ ምስቃል ከ4 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ያው ጭነት ወደ ማሊ ከተማ ሲደርስ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም 40 ምስቃል ያወጣል። በዚያም አገር ጨው እየተቆረጠ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

ይህ ለዋግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አሞሌ በአገራችን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከአፋር ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ይህንኑ ጽፏል፤ ጨው ከሚቆረጥበት ቦታ አጠገብ ብዙ አሞሌ የሚሰጥበት ገንዘብ፣ ሩቅ አገር ጥቂት ብቻ ይሰጥበታል ይላል። ሰሐራም ሆነ አፋር፣ ሕጉ አንድ ነው። ጨው በሄደ ቁጥር ይወደዳል።

ታዲያ ትርፉ የማን ነው? በተጋዛ ለሚቆፍረው አልነበረም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚቆርጠው ሰው ከጨዋማው ውሃ ሌላ የሚተርፈው አልነበረም። ኢብን ባቱታ የጨውን ዋጋ ቁጥር በቁጥር ጽፏል፤ ከቆፋሪዎቹ ግን የአንዱንም ስም አልጻፈም። እርሱ ራሱ ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነበር። ከዚህ ጉዞ ሲመለስ አብሮት የሄደው ቅፍለት 600 ሴቶች ባሪያዎችን ይነዳ ነበር። እርሱም ይህን የጻፈው እንደ ማንኛውም የገበያ ነገር ነው። መጽሐፍ የጸሐፊውን ዓይን ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን።

በማሊ ሳለ አንድ የሚያስቅ ነገርም ገጥሞታል። ማሊ በወርቅ የታወቀች አገር ናት። የንጉሥ ሱሌይማን ስጦታ መጣልህ ሲሉት ኢብን ባቱታ ብድግ አለ። የክብር ልብስና ወርቅ ጠብቆ ነበር። የመጣለት ግን ሦስት ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና በቅል የተሞላ እርጎ ነበር። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። እኛ ግን እንጠይቅ፤ ለእንግዳ እርጎ በቅል ሞልቶ ማቅረብ ምን ያስቃል? በብዙ የገጠር ቤት ይህ ትልቅ ክብር ነው። ንጉሦች ወርቅ ሲያፈሱለት የኖረ ሰው የእርጎን ክብር ረስቶ ነበር።

ያም ሆኖ የማሊን ሰው አመስግኗል። በዚያ አገር ግፍ ይጠላል፤ መንገደኛ ሌባም ሽፍታም አይፈራም ብሎ መስክሯል።

ወሬው መጽሐፍ የሆነው እንዴት ነው?

ኢብን ባቱታ ወደ ሞሮኮ የተመለሰው በ1353 መጨረሻ ነው። የሞሮኮው ንጉሥ አቡ ዒናን ወሬውን ሰምቶ ተደነቀ፤ ይጻፍ ብሎም አዘዘ። ኢብን ጁዘይ የሚባል የቀለም ሰው ተመደበ። ኢብን ባቱታ ይናገራል፤ ኢብን ጁዘይ ይጽፋል። መጽሐፉ በ1355 ታኅሣሥ ወር አለቀ።

እስቲ አስቡት። የ29 ዓመት መንገድ፣ በቃል! በየቦታው የጻፋቸው አንዳንድ ማስታወሻዎች ነበሩት። ነገር ግን ሕንድ ባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲዘርፉት ከቡኻራ የቀዳቸው ጽሑፎች ሳይቀሩ ጠፉ። ስለዚህ የቀረው ትዝታው ብቻ ነበር። ትዝታ ደግሞ ያረጃል፤ አንዱን ከሌላው ያደባልቃል። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት፣ ስለ መካና ስለ ደማስቆ የተጻፈው አንዳንዱ ክፍል ኢብን ጁበይር ከሚባል የቀድሞ መንገደኛ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። በቻይና አየሁ ያለውንም የሚጠራጠሩ አሉ።

ይህ መጽሐፉን ዋጋ ያሳጣዋልን? አያሳጣውም። ስለ ማሊና ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በዚያን ዘመን ሄዶ አይቶ የጻፈ ሰው ከእርሱ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ባይጽፍ ኖሮ የተጋዛን የጨው ቤቶች እንዲህ አናውቃቸውም ነበር። ዛሬ መንደሯ ፈርሳለች፤ ጽሑፉ ግን አለ።

መጽሐፉ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሰሜን አፍሪካ ውጭ እምብዛም ሳይታወቅ ቆየ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአልጄሪያ በእጅ የተጻፉ ቅጂዎች ተገኙ። ከ1853 እስከ 1858 በፓሪስ በአራት ጥራዝ ከነትርጉሙ ታተመ። ከዚያም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ለዓለም ሕዝብ ደረሰ። ተናጋሪው ሞተ፤ ጸሐፊው ሞተ፤ ያዘዘው ንጉሥም ሞተ። ወረቀቱ ግን 500 ዓመት ጠብቆ ተናገረ።

ለእኛ የሚቀረው ሥራ

የተጋዛን ጨው ያየ አንድ መንገደኛ ስለጻፈ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የሰቆጣን የጨው መንገድስ ማን ጻፈው? ሩቅ አገር ሰዎች ሲያልፉ አንዳንድ ገጽ ጽፈዋል። እነርሱም ኢብን ባቱታ በዘይላ እንዳደረገው በመንገዳቸው ላይ ያዩትን ብቻ ነው የጻፉት። መንገዱን የኖሩበት ሰዎች ግን ነገሩን የያዙት በልባቸው ነው። የጭነት ከብት የሚሄድበትን መንገድ ዛሬ መኪና ተክቶታል። አሞሌ ጭነው የወጡትን፣ የወረዱትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር አንድ መንገድ አብሮ ይቀበራል።

እኛ ተማሪዎች ከከተማ ስንመጣ ይዘን የመጣነው ፊደልና መጽሐፍ ነው። የመንገዱን ነገር ግን የምናውቀው ከእናንተ ነው። ኢብን ባቱታ እንኳ ጸሐፊ አስፈልጎት ነበር፤ ተናጋሪና ጸሐፊ ሲገናኙ መጽሐፍ ይወለዳል። አሁን እናንተ ራሳችሁ ተናጋሪም ጸሐፊም ናችሁ። ስትጽፉ ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ» ብላችሁ ለዩ። የጨውን ዋጋ ስትጽፉ የጫኙንም ስም ጻፉ። በአማርኛ የማይገኝ የቦታ ወይም የዕቃ ስም በኽምጣንጋ ካለ እንዳለ ጻፉት፤ ፊደሉ ይችላል።

የቃላት ፍቺ

ቅፍለት፦ በአንድነት የሚጓዙ ነጋዴዎችና የጭነት ከብቶቻቸው
ቃዲ፦ በእስልምና ሕግ የሚፈርድ ዳኛ
ምስቃል፦ በዓረብ አገር የወርቅ መመዘኛ
ምሕላ፦ በመከራ ጊዜ ሕዝብ በአንድነት የሚያደርሰው ጸሎት
ጥራዝ፦ ተሰፍቶ አንድ መጽሐፍ የሆነ ወረቀት

ጥያቄዎች

1. ኢብን ባቱታ በ1325 ከቤቱ ወጥቶ በ1353 መጨረሻ ከማሊ ተመለሰ። በመካከሉ ስንት ዓመት አለ?
2. አንድ ጭነት ጨው በወላታ በ10 ምስቃል ተገዝቶ በማሊ በ30 ቢሸጥ ነጋዴው ስንት ያተርፋል? ከዚህ ትርፍ ላይ ምን ምን ወጪ ይቀነሳል?
3. ኢብን ባቱታ በዓይኑ ካየው አንድ፣ በጆሮው ከሰማው አንድ ምሳሌ ስጡ።
4. ኢትዮጵያን ያላየው አል ዑመሪ ዘይላ ከደረሰው ኢብን ባቱታ የበለጠ ስለ አገራችን የጻፈው እንዴት ነው?
5. በመንደራችሁ ጨው ጭኖ የሄደ ሽማግሌ ካለ ጠይቁ። ከየት ተነሥተው የት አደሩ? ስንት ቀን ፈጀባቸው? ማን ማን አብሯቸው ነበር? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ትምህርት ለክፍሉ አንብቡ።